የእናት ተክል ስንቅ፦ የዘር መጠን የተክልን ሕይወትና ዝግመተ ለውጥ እንዴት ይወስናል?

በሐምሌ ወር ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በአንድ ድንበር ብቻ የተለያዩ ሁለት ማሳዎችን ጎን ለጎን ማየቱ አይቀርም። በአንደኛው ማሳ በሰኔ የተዘራው ባቄላ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል፤ በሌላኛው ደግሞ ገበሬው ደጋግሞ ያረሰውንና ጓሉን ያደቀቀውን መሬት በከብት አስረግጦ ጤፉን በእጁ ይበትናል። ሁለቱም ማሳዎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ዝናቡም አፈሩም አንድ ነው። ነገር ግን ወደ መሬት የገባውን ፍሬ በቁጥር ብናሰላው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚያስገርም ነው። አንድ ኪሎ ግራም ጤፍ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ፍሬ ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ ግራም የአገራችን ባቄላ ከሁለት ሺህ ብዙም አይርቅም። በልማዱ መሠረት ለአንድ ሄክታር 30 ኪሎ ግራም ጤፍ የሚበትን ገበሬ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 9,000 ፍሬ ያሳርፋል፤ በሄክታር 200 ኪሎ ግራም ባቄላ ሲዘራ ግን በዚያው ስፋት ላይ የሚያሳርፈው ከ40 ፍሬ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። በክብደት ካየነው ነገሩ ይገለበጣል፤ 9,000ው የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ 3 ግራም ሲመዝን፣ የባቄላው 40 ፍሬ ወደ 20 ግራም ይመዝናል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በተክሎች ዓለም ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ የኑሮ ዘዴዎችን ያሳያሉ። አንደኛው ብዙ ልጅ ወልዶ ለእያንዳንዱ ጥቂት መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ጥቂት ወልዶ ለእያንዳንዱ ብዙ መስጠት ነው። በዓለም ላይ ያሉ ተክሎች በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ተሰልፈዋል። በአንደኛው ጫፍ ፍሬያቸው እንደ ትቢያ የሚበንን፣ የአንዷም ክብደት ከግራም አንድ ሚሊዮንኛ የማይበልጥ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ፤ በሌላው ጫፍ በሲሼልስ ደሴቶች ላይ ብቻ የሚበቅለውና አንዱ ፍሬው ከ15 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችለው የባሕር ኮኮናት ይገኛል። ጤፍና ባቄላ በዚህ ረጅም መስመር ላይ ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ነገሩን ለመረዳት ከጓዳችን ውጭ መሄድ አያስፈልገንም።

በመጀመሪያ ዘር ምን እንደሆነ በቅርብ እንመልከት። ለጾም በቆልት ሲዘጋጅ ያየ ሰው የዘርን አሠራር ሳያውቀው ተምሯል። ባቄላው ውኃ ውስጥ አድሮ ሲያብጥ ልባሱ በጣት ተገፍፎ ይወጣል፤ ከሥር ሁለት ክክ ይገኛል፤ ክኮቹን ስንከፍታቸው ደግሞ በአንድ ጠርዝ በኩል ተጣጥፎ የተኛ፣ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ ነጭ ነገር እናያለን። ተክሉ እሱ ነው፤ ሽል ይባላል። ሁለቱ ክኮች እናቲቱ ለልጇ ቋጥራ የሰጠችው ስንቅ ናቸው፤ ልባሱ ደግሞ ስንቁ የተቋጠረበት ስልቻ ነው። በጤፍም ያው ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ሽል፣ ስንቅና ልባስ አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ፍሬ ውስጥ ተጨምቀው ገብተዋል። ስለ ዘር መጠን ስንነጋገር በአብዛኛው የምንነጋገረው ስለ ስንቁ መጠን ነው። ሽሉማ ገና ጅምር ነው፤ ቅጠል አውጥቶ ከፀሐይ ምግቡን መሥራት እስኪጀምር ድረስ የሚኖረው በተሰጠው ስንቅ ብቻ ነው።

ይህን በቤት ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው በሁለት ሳህን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ በአንዱ ላይ አምስት የባቄላ ፍሬ፣ በሌላው ላይ አንድ ቁንጥር ጤፍ ያስቀምጥ፤ ከዚያም ሁለቱንም ብርሃን በማይገባበት ሣጥን ውስጥ ይክተታቸው። ጤፏ ትቀድማለች፤ ጥቂት ቀናት ሳይሞሉ እንደ ክር የቀጠነ ሥርና ቀንበጥ ታወጣለች። ባቄላው ገና ውኃ እየጠጣ ነው። ሣጥኑ ተከድኖ ቀኖቹ ሲቆጠሩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የጤፏ ቀንበጥ ብርሃን ፍለጋ ትንሽ ተስባ ትቆማለች፣ ትገረጣለች፣ ከዚያም ተጣጥፋ ትወድቃለች። ስንቋ አልቋል። ባቄላው ግን ዘግይቶ ተነሥቶ ስንዝር ሙሉ፣ ከዚያም በላይ፣ በጨለማ ውስጥ እየገረጣ ወደ ላይ መሳቡን ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ ክኮቹን ብንነካቸው እየለሰለሱና እየሟሸሹ ሲሄዱ ይሰማናል። ትልቅ ዘር የሚሰጠው ጥቅም በአብዛኛው ይኸው ነው፦ መከራን ችሎ የመቆየት ጊዜ።

መከራው ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ጥልቀት ነው። በማረሻ ትልም ውስጥ ወድቆ አንድ ጋት አፈር የተጫነበት ባቄላ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል፤ ጤፍ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረች ብርሃን ሳታይ ትቀራለች። ተመራማሪዎች የብዙ ተክሎችን ዘር በተለያየ ጥልቀት ቀብረው ባደረጉት ሙከራ፣ አንድ ዘር ተነሥቶ ሊወጣበት የሚችለው ጥልቀት ከክብደቱ ኪዩብ ሩት ጋር አብሮ እንደሚያድግ አይተዋል። ቃሉ ከበድ ቢልም ነገሩ ቀላል ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም ውፍረቱም 10 እጥፍ የሆነ ፍሬ ክብደቱ 1,000 እጥፍ ይሆናል፤ ሊወጣበት የሚችለው ጥልቀት ግን የሚያድገው እንደ ቁመቱ 10 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። አንድ የባቄላ ፍሬ በክብደት ከአንዲት የጤፍ ፍሬ 1,500 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ በጥልቀት የሚበልጣት 11 ጊዜ ገደማ ነው ማለት ነው። የጎጃም ገበሬ የመረሬውን መሬት ለጤፍ ሲያዘጋጅ ጓሉን የሚያደቀውና በከብት የሚያስረግጠው፣ ዘሩንም ከላይ በትኖ እምብዛም ሳያለብስ የሚተወው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ሒሳቡ በቁጥር የተጻፈው በቅርብ ጊዜ ቢሆንም አሠራሩ ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ሁለተኛው መከራ ጥላ ነው፤ ሦስተኛው ዝናብ ጀምሮ ሲያቋርጥ ነው፤ አራተኛው ገና ሁለት ቅጠል ያወጣውን ቡቃያ ትል ወይም ፍየል ሲግጠው ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ከትልቅ ዘር የወጣ ቡቃያ ከትንሽ ዘር ከወጣው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ምክንያቱም የጠፋበትን የሚተካበት ትርፍ አለው። እንደ ባቄላ ላሉ ጥራጥሬዎች ደግሞ ስንቁ ሌላ ተጨማሪ ሥራ አለው። ባቄላ ከአየር ናይትሮጅንን የሚያገኘው በሥሩ ላይ ባሉት እብጠቶች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች እርዳታ ነው፤ እነዚያ እብጠቶች ተሠርተው ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ያሉትን የመጀመሪያ ሳምንታት የሚሻገረው ከእናቱ ባገኘው ስንቅ ነው።

እንግዲያው ትልቅ ዘር ይህን ያህል ከጠቀመ ሁሉም ተክል ለምን ትልቅ ዘር አያፈራም? መልሱ ያለው እናቲቱ ጓዳ ውስጥ ነው። አንድ ተክል በአንድ ወቅት ለዘር የሚያውለው ምግብ የተወሰነ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍሬ ብዙ ከሰጠ የፍሬዎቹ ቁጥር ይቀንሳል። በጎጃም ምድር ይህን ለማስረዳት ከአብነት ትምህርት ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንዲት እናት ልጆቿን ወደ ሩቅ ደብር ለትምህርት ስትልክ በቤት ያለው እህል አንድ ጎተራ ነው። ለአንዱ ልጅ ብዙ ስንቅ ብትቋጥርለት ያ ልጅ መንገዱን ሳይራብ ይደርሳል፤ ሌሎቹን ግን መላክ አትችልም። ለሁሉም ብታካፍል ብዙዎች ይሄዳሉ፤ ነገር ግን አኩፋዳቸው ቶሎ ይጎድላል፤ የደረሱበት መንደር እጁን ከዘረጋላቸው ይማራሉ፣ ካልዘረጋላቸው ይመለሳሉ። ትንሽ ዘር እንዲህ ያለ ተማሪ ነው፤ ኑሮው በደረሰበት ቦታ ደግነት ላይ የተመሠረተ ነው። የተክል መንደር ደግነት ማለት ብርሃን፣ እርጥበትና ያልተያዘ መሬት ነው።

ክሪስቶፈር ስሚዝና ስቲቨን ፍሬትዌል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ በ1974 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስቀምጠውታል። ነገሩን ለማሳየት ያህል ቁጥሮቹን እኔ ልፍጠራቸው። አንዲት ተክል 100 መስፈሪያ ስንቅ አላት እንበል። ለእያንዳንዱ ዘር አንድ መስፈሪያ ብትሰጥ 100 ዘር ይኖራታል፤ ከመቶው የሚተርፈው አንድ ብቻ ከሆነ አንድ ልጅ አሳደገች ማለት ነው። ሁለት ሁለት መስፈሪያ ሰጥታ 50 ዘር ብታፈራና ከመቶው ስድስት ቢተርፍ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። አራት አራት ሰጥታ 25 ዘር ብታፈራና ከመቶው 16 ቢተርፍ አራት ይሆኑላታል። አሁንም ጨምራ ዐሥር ዐሥር ብትሰጥ ግን ዘሯ 10 ብቻ ነው፤ ከመቶው 25 ቢተርፍ እንኳ የሚያድጉላት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ዘሩ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን ከነጭራሹ አይተርፍም፤ ከዚያ በላይ ሲጨመርለት የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይጨምራል፤ ቀስ በቀስ ግን ተጨማሪው ስንቅ የሚያስገኘው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል። ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም ብዙ ልጅ ያሳደገው ዓይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየበዛ መሄዱ፣ ተክሏን የሚገፋት ወደ መካከለኛው ነጥብ ነው፤ ይኸውም ለአንዱ ዘር ጥቂት ከመጨመር ይልቅ ሌላ አንድ ዘር መጨመር መጥቀም ወደሚጀምርበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ምርጫው የሚመዝነው የአንዱን ዘር ደኅንነት ሳይሆን የእናቲቱን አጠቃላይ የልጆች ቁጥር መሆኑ ነው። ለልጁ ትልቅ መሆን ሁልጊዜም ይሻለዋል፤ ለእናቲቱ ግን አይሻላትም።

ያ የተሻለው ነጥብ የት እንደሚሆን የሚወስነው ቦታው ነው፤ ይህንንም በጎጃም መሬት ላይ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል። በአንድ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ሲገባ መሬቱ ቀዝቃዛና ጥላማ ነው። በዚያ ጥላ ሥር የዝግባ ችግኞች ይታያሉ፤ ዝግባ ፍሬው ትልቅና ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ፣ ችግኙ በጥቂት ብርሃን እየኖረ ትልቁ ዛፍ ወድቆ ሰማይ እስኪከፈትለት ድረስ መጠበቅ ይችላል። ከደኑ አጥር ውጭ በተጋለጠው ሜዳና በተናደው ገደል ላይ የሚበረክቱት ግን በአብዛኛው ፍሬያቸው ጥቃቅን የሆኑ አረሞችና ሣሮች ናቸው። የአገራችን የደን ተመራማሪዎች ከእንዲህ ያሉ ደኖች አፈር ወስደው በውስጡ ያለውን ዘር ሲያበቅሉ፣ የሚወጣው በአብዛኛው የሣርና የአረም ዓይነት እንጂ የደኑ ትልልቅ ዛፎች ዘር እንዳልሆነ ደጋግመው አግኝተዋል። የትልልቆቹ ዛፎች ዘር ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይበላል፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት አይከማችም። ስለዚህ ደኑ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ ከአፈሩ ተነሥቶ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ የሚመለሰው እናት ዛፎቹ በአቅራቢያው ካሉና ፍሬውን የሚያደርሱ ወፎችና ጦጣዎች ካሉ ብቻ ነው። በዚህ ዘመን ከዝግባና ከወይራ የተረፈን በየደብሩ ዙሪያ ያለው ቁራሽ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ የአፈር ሳይንስ ውጤት ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል።

ረጃጅም ዛፎች ትልቅ ዘር፣ አጫጭር ተክሎች ትንሽ ዘር ይኖራቸዋል የሚለው በጥቅሉ እውነት ቢሆንም ሁለት ትልልቅ ልዩ ሁኔታዎች ዓይናችን ሥር አሉ። የመጀመሪያው ዋርካ ነው። ጥላው ሸንጎ የሚያስቀምጥ ዛፍ ዘሩ ከጤፍ ብዙም አይበልጥም። ምክንያቱ አበቃቀሉ ነው፤ ወፍና የሌሊት ወፍ ፍሬውን በልተው ዘሩን በሌላ ዛፍ ጉንድ ላይ፣ በዓለት ስንጥቅ ወይም በአሮጌ ግንብ ላይ ይጥሉታል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ብርሃን ሞልቷል፣ ተፎካካሪም የለም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ስንቅ ሳይሆን ብዙ ሙከራ ነው። ሁለተኛው በጮቄ ተራራ ላይ የሚታየው ጅብራ ነው። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሰብስቦ ይቆይና በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቁመቱ ብዙ ሜትር የሆነ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ለቁጥር የሚያዳግት ደቃቅ ዘር በነፋስ በትኖ ይሞታል። በዚያ ብርዳም ከፍታ ላይ ጥላ የሚጥል ደን ስለሌለ፣ የዘሩ ችግር ብርሃን ማግኘት ሳይሆን ውርጭ ያልመታው፣ እርጥበት ያለው አንድ ጥፍር የምታህል ባዶ ቦታ ላይ መውደቅ ነው።

በላተኞችም የዘርን መጠን ይወስናሉ። በጎጃም ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ በቆሎውና ሽምብራው በነቀዝ ተበስቶ ዱቄት ሲሆን፣ በዚያው ጎተራ አጠገብ ያለው ጤፍ ግን ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጣል። እናቴ ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው ጤፍ ነበር። የነቀዝ ትል ከዕንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ እስኪያድግ ድረስ የሚኖረው በአንድ ፍሬ ውስጥ ተዘግቶ ነው፤ የበቆሎ ፍሬ ለእሱ ሰፊ ቤት ከሙሉ ቀለብ ጋር ነው፤ የጤፍ ፍሬ ግን ገላውን አይችልም። ትንሽነት እዚህ ላይ ምሽግ ሆኖ ያገለግላል። ትልቅ ዘር የሚያፈሩ ተክሎች በበኩላቸው ስንቃቸውን በሌላ መንገድ ይጠብቃሉ፤ ወይ በጠንካራ ልባስ ወይ በመርዝ። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዳንኤል ጃንዘን በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በመካከለኛው አሜሪካ ያሉ የጥራጥሬ ወገኖችን ሲያነጻጽር፣ የነቀዝ ዘመዶች የሚያጠቋቸው ዝርያዎች ብዙና ጥቃቅን ዘር ሲያፈሩ፣ የማይጠቁት ግን ጥቂት፣ ትልልቅና መርዛማ ዘር እንደሚያፈሩ አግኝቷል። ለእኛ የዚህ ምሳሌ ጓያ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ ይደርሳል፤ ነገር ግን በዘሩ ውስጥ ያለው መርዝ ጓያን ብቻ ለብዙ ሳምንታት የበላን ሰው እግሩን ሽባ ያደርገዋል።

ትንሽ ዘር ሌላ ትልቅ ችሎታ አለው፤ እሱም በጊዜ ውስጥ መጓዝ ነው። ደቃቅና ክብ ዘር በአፈር ስንጥቅ ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፣ ከአይጥም ይደበቃል፤ ከዚያ ሆኖ ብርሃን እስኪነካው ድረስ ለዓመታት ይተኛል። ዊልያም ቢል የተባለ የሚሺጋን ፕሮፌሰር በ1879 እ.ኤ.አ. 20 ጠርሙሶችን የአረም ዘርና አሸዋ ሞልቶ በመሬት ውስጥ ቀበረ፤ ተተኪዎቹም በየተወሰነው ዓመት አንድ አንድ ጠርሙስ እያወጡ ይዘራሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ጠርሙስ ውስጥ፣ ከ140 ዓመት በላይ ተቀብረው የቆዩ የአንድ ደቃቅ ዘር ያለው አረም ፍሬዎች በቅለው ታይተዋል።

ይህ ችሎታ ለገበሬ መራራ ሆኖ የሚገለጠው በአቀንጭራ ላይ ነው። በዓባይ ሸለቆ ቆላዎች ማሽላ የሚያርሱ ሰዎች ያችን ሐምራዊ አበባ ሲያዩ ልባቸው ይወድቃል። የአቀንጭራ ዘር ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ አይበልጥም፤ አንዲት ተክል ግን በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስንቁ እጅግ ጥቂት በመሆኑ እንዲሁ በዘፈቀደ ቢበቅል በቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ በአጠገቡ የማሽላ ሥር መኖሩን የሚያበሥር ኬሚካል እስኪደርሰው ድረስ አይበቅልም፤ ከበቀለ በኋላ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ የሌላውን ስንቅ ይመገባል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከሥራቸው ውስጥ አንዱ መንገድ ያንን የሚያበሥረውን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ መምረጥ ነበር። ጥሪው ካልተሰማው ዘሩ እንደተኛ ይቀራል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአንድ ትውልድ ውስጥ ማን እንደሚተርፍ የሚናገር ነው። ዝግመተ ለውጥ የሚመጣው የዘሩ መጠን ከእናት ወደ ልጅ በከፊል ስለሚወረስ ነው፤ የተረፈው ዓይነት በሚቀጥለው ትውልድ ይበዛል። ይህ ለመታየት ሁልጊዜ ብዙ ሺህ ዓመት አይፈልግም። በብራዚል የአትላንቲክ ጠረፍ ደኖች ውስጥ ጁሳራ የሚባል ዘንባባ አለ፤ ፍሬውን እንደ ቱካን ያሉ አፈ ሰፊ ወፎች ይውጡና ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ደኑ ለቡናና ለሸንኮራ እርሻ ሲቆራረስ ትልልቆቹ ወፎች ከብዙ ቦታ ጠፉ፤ የቀሩት ትናንሽ ወፎች ትልቁን ፍሬ መዋጥ አይችሉም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ትልልቅ ወፎች በጠፉባቸው ደኖች ውስጥ የዘንባባው ዘር ባልጠፉባቸው ካለው ያነሰ ሆኗል፤ ተመራማሪዎቹም ለውጡ ለመምጣት አንድ መቶ ዓመት ገደማ እንደበቃው ገምተዋል። ያነሰው ዘር ደግሞ በድርቅ ቶሎ ይደርቃል። በየደብራችን ደን ያሉ ወፎችም እንደ ዛፎቹ ሁሉ የደኑ አካል መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። በረጅሙ ጊዜ ስንመለከት ደግሞ፣ አበባ ያላቸው ተክሎች በዳይኖሶሮች ዘመን የነበራቸው ዘር በአብዛኛው ትንሽ ነበር፤ ዳይኖሶሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከጠፉ በኋላ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲስፋፋና ፍሬ የሚበሉ ወፎችና አጥቢዎች ሲበዙ ትልልቅ ዘሮች መብዛታቸውን ቅሪተ አካላት ያሳያሉ።

በመጨረሻ ሰው ራሱ ገባ። ሰው ዘር ሰብስቦ መልሶ መዝራት ከጀመረ ጀምሮ የስንዴ፣ የገብስና የጥራጥሬ ፍሬዎች ከዱር ዘመዶቻቸው እየተለቁ መጥተዋል። አንዱ ምክንያት ገበሬው ደህና ራስ ያለውን መርጦ ማስቀረቱ ነው፤ በብዙ የጎጃም ቤቶች ለዘር የተመረጠ በቆሎ ከነልባሱ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ የሚከርመው ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ማንም ሳያስበው የሚሠራ ነው፤ በእርሻ አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚቀበር ዘር ትልቅ ካልሆነ አይወጣም፤ ስለዚህ ማረሻው ራሱ ትልቁን ይመርጣል ይላሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች። ይህ አስተያየት ትክክል ከሆነ ጤፍ በዚያው በትንሽነቷ ለምን እንደቀረች ለመረዳት ይረዳናል ብዬ አምናለሁ። ጤፍን የምንዘራት ከላይ በትነን ነው እንጂ ቀብረን አይደለም፤ ስለዚህ ትልቁን የሚመርጥ ጥልቀት አልገጠማትም። ከዱር ዘመዶቿ የለያት ሌላ ነገር ነው፤ በደረሰች ጊዜ ፍሬዋ እንደ ዱሩ አይረግፍም፤ ማጭድ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ወንፊትና ሰፌድም እንዲሁ ሳያውቁ ይመርጣሉ፤ ለዚህ ደግሞ እንክርዳድን የሚያህል ምስክር የለም። እንክርዳድ በስንዴ መካከል የሚበቅል፣ በቡቃያነቱ ከስንዴ የማይለይ አረም ነው። ስንዴው ተወቅቶ ሲነፋ ከፍሬው ያነሰው በወንፊቱ ቀዳዳ ይወርዳል፤ ከፍሬው የቀለለው በነፋስ ይሄዳል። ከስንዴው ጋር ተመልሶ የሚዘራው በመጠንና በክብደት ስንዴን የመሰለ የእንክርዳድ ፍሬ ብቻ ነው፤ የማይመስለው በየዓመቱ ተለይቶ ይጣላል። ይህ በብዙ ሺህ መከር ሲደጋገም እንክርዳድ ፍሬውን አወፈረ፣ እንደ ዱር ሣር ማርገፉንም ተወ፤ እንደ ሌሎች አረሞች በአፈር ውስጥ ለዓመታት መተኛትም አይችልም። ለመኖር በሰው እጅ መዘራት ግድ ሆነበት። በፍሬው ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መርዝ ስለሚሠራም፣ ከዱቄቱ ጋር ተፈጭቶ የበላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ እንደ ሰካራም ያደርገዋል። በአውሮፓ ዘርን በቅርጽና በክብደት አጥርቶ የሚለይ መሣሪያ ከተስፋፋ ወዲህ ይህ አረም ከማሳ ላይ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ በአፈር ውስጥ ያስቀመጠው ቅሪት ስላልነበረው ለመጥፋት ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። በእኛ ቤት ግን ወንፊቱ የሳተውን ፍሬ እናቶች ስንዴውን በሰፌድ ላይ አንጥፈው በጣታቸው አንድ በአንድ ይለቅሙታል።